ምዕራፍ 7፦ የልጣጭ ዘበኛ

አርባ ምንጭ አካባቢ፣ ጫኖ ወይም ላንቴ ላይ ማለዳ የተቆረጠ ሙዝ አረንጓዴና ጠንካራ ነው። አገላብጠው ቢያዩት አንዳች እንከን አያገኙበትም። በአይሱዙ ተጭኖ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ሲራገፍም እንዳማረበት ነው። መብሰያ ክፍል ገብቶ ቢጫ መሆን ሲጀምር ግን ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ነጥቦቹ ይሰፋሉ፣ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ፣ መሐላቸው ላይ ብርቱካንማ ሮዝ የሆነ እርጥብ ነገር ይወጣል። ያኔ ነጋዴው ሾፌሩን ይወቅሳል። ሾፌሩ የመብሰያ ክፍሉን ባለቤት፣ ባለቤቱ ደግሞ ገበሬውን።

ወደ እውነቱ የቀረበው የመጨረሻው ወቀሳ ነው፤ ገበሬው ግን ሊያየው የማይችለውን ነገር ነው የሸጠው። በሽታው ሙዙ ላይ የሰፈረው መኪናው ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ ሳይሆን ገና ግንዱ ላይ ሳለ ነው። ባለፉት ምዕራፎች ፍሬ ከተቆረጠ በኋላም እንደሚተነፍስ፣ ስኳሩን እንደሚያቃጥልና እንደሚሞቅ አይተናል። በዚህ ምዕራፍ የምናየው የዚያኑ ሕያው ፍሬ ሌላ ሥራ ነው፤ ራሱን ይጠብቃል። ጥበቃው መቼ እንደሚላላ ካወቅን፣ ከጠጅ ሳር፣ ከጦስኝና ከቀረፋ የሚገኙ የተፈጥሮ ውህዶች የት ቦታ ሊያግዙት እንደሚችሉ ራሱ ይገለጥልናል።

አጥር የዘለለው ሌባ

ነጥቦቹን የሚያመጣው በሽታ አንትራክኖስ ይባላል። አምጪው ኮሌቶትሪከም የሚባል የፈንገስ ወገን ነው። አንዱ ዝርያ ሙዝን ያጠቃል፤ ዘመዶቹ ማንጎን፣ ፓፓያንና አቮካዶን። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ባለው ቆላ አራቱም ፍሬዎች አንዳንዴ አንድ ጓሮ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚበቅሉ፣ ፈንገሱ ዓመቱን ሙሉ ማረፊያ አያጣም።

መኖሪያው የደረቀ ቅጠል ነው። በሙዙ ፍሬ ጫፍ ላይ ደርቀው ተንጠልጥለው የሚቀሩት አበቦችም ምቹ ቤቱ ናቸው። የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ጠብታ ሲያርፍባቸው ዘሮቹ ከውሃው ጋር ይረጫሉ። እነዚህ ዘሮች ስፖር ይባላሉ፤ በዓይን አይታዩም። አንዱ ስፖር አረንጓዴ ልጣጭ ላይ ሲያርፍ እርጥበቱ ካልደረቀበት በሰዓታት ውስጥ ይበቅላል። ቀጭን ክር ያወጣል፤ የክሩ ጫፍ ያብጥና ግድግዳው የወፈረ ጥቁር እብጠት ይሆናል፣ ልጣጩንም አጥብቆ ይይዛል። ከዚያ ይቆማል። ለሳምንታት፣ ለወራትም ቢሆን እዚያው ይቀመጣል። አያድግም፤ ፍሬውንም አይጎዳም።

ለምን ይቆማል? ሌሊት የግቢ አጥር ዘሎ የገባ ሌባ ያስቡ። ዘበኛው ነቅቶ ይዘዋወራል። ሌባው ወደ ቤቱ አይጠጋም፤ ተመልሶም አይወጣም። ጥግ ይዞ ያደፍጣል። ዘበኛው ሲያንጎላጅ ይነሣል። አረንጓዴው ልጣጭ ውስጥም ለፈንገሱ መርዝ የሆኑ ውህዶች አሉ፤ እነሱ በቂ እስከሆኑ ድረስ ፈንገሱ ባለበት ያደፍጣል። ፍሬው ሲበስል ውህዶቹ ይቀንሳሉ፣ ልጣጩ ይለሰልሳል፣ ስኳሩም ይጨምራል። ሌባውም ይነሣል።

አዲስ አበባ ላይ የታየው ነጥብ እንግዲህ ያን ቀን የመጣ በሽታ አይደለም። ያን ቀን የሆነው ነገር የዘበኛው መተኛት ብቻ ነው።

ዘበኛው ከምን ተሠራ?

ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። አረንጓዴ ሙዝ የነከሰ ሰው አፉን የሚያኮማትረውን ነገር ያውቀዋል፤ ታኒን ነው። በሻይ ቅጠልም አለ። ታኒንና የቅርብ ዘመዶቹ በአረንጓዴው ልጣጭ ጥበቃ ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ ሙዙ ሲበስል ኃይላቸው ይደክማል፣ አፍ ማኮማተሩም ይቀራል። ባልበሰለ ማንጎ ልጣጭ ውስጥ ደግሞ ሪዞርሲኖል የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ እነሱም ከመብሰል ጋር ይቀንሳሉ። ማንጎ ተጨማሪ ጠባቂም አለው። ከአንገቱ ላይ ሲቀነጠስ የሚፈሰው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ሙጫ ፈንገስን የሚያዳክሙ ነገሮችን ይይዛል። ማንጎን ከነአጭር እንጨቱ መቁረጥ ከሚደገፍባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሙጫው ፈስሶ አያልቅም፣ ልጣጩንም አያቃጥለውም።

ከሁሉ ይልቅ በዝርዝር የተጠናው የአቮካዶ ዘበኛ ነው። በእስራኤሉ የቮልካኒ የግብርና ምርምር ማዕከል ሥራው የሚታወቀው ተመራማሪ ዶቭ ፕሩስኪና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. ባልበሰለ አቮካዶ ልጣጭ ውስጥ ዳይን ብለው የሚጠሩትን ፀረ ፈንገስ ውህድ አገኙ። ልቤን የሳበው ግን ከዚያ በኋላ የደረሱበት ነው። ዳይን የሚፈርሰው ፍሬው ራሱ በሚሠራው አንድ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት በሕዋስ ውስጥ አንድን ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ያን ኢንዛይም አስሮ የሚያቆየው ደግሞ ኤፒካቴኪን የተባለ ሌላ ውህድ ነው። አቮካዶው ሲበስል በመጀመሪያ ኤፒካቴኪኑ ይቀንሳል፤ ኢንዛይሙ ይፈታል፤ ዳይኑ ይፈርሳል፤ ፈንገሱ ይነሣል። ዘበኛው ራሱ ጠባቂ ነበረው ማለት ነው። ስለዚህ ዘበኛውን ለማቆየት የግድ ሌላ መርዝ መርጨት አያስፈልግም፤ ኤፒካቴኪኑ እንዳይቀንስ ማድረግም አንድ መንገድ ነው።

ፍሬ ዘበኛውን ለምን ይለቃል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ለፈንገስ የሚመር ለወፍና ለዝንጀሮም ይመራል። ዘሩ እንዲበተን የሚሻ ዛፍ ፍሬውን የሚያስበላበት ጊዜ ሊኖረው ግድ ነው። በሰው እጅ ተመርጦ ዘር አልባ የሆነው የአርባ ምንጭ ሙዝም ይህን ልማድ አልተወም።

ጥሪው

ሌባው የዘበኛውን መድከም ብቻ ይጠብቃል ብንል ግማሹን ነው የተናገርነው። በምዕራፍ 5 ስለ ኤትሊን በሰፊው ጽፌያለሁ፤ ፍሬ ሲበስል የሚለቀው፣ ጎረቤቱንም የሚያበስል ጋዝ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙዝንና አቮካዶን የሚያጠቁት የኮሌቶትሪከም ዝርያዎች ይህንኑ ጋዝ እንደ ምልክት እንደሚጠቀሙበት አሳዩ። ኤትሊን ሲደርሳቸው ስፖሮቹ ይበቅላሉ፣ ጥቁሩንም እብጠት ይሠራሉ። ፈንገሱ የፍሬውን የራሱን ጥሪ ይሰማል።

ይህ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጋር ምን አገናኘው? አገራችን ውስጥ ሙዝ ለማብሰል የቆየው ዘዴ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ላምባ ማጤስ ነው። ላምባ በደንብ ሳይነድ ሲጤስ ከሚወጡት ጋዞች አንዱ ኤትሊን ነው። ክፍሉ ይሞቃል፣ ይታፈናል፣ ይረጥባል። ሙዙን የሚያበስለው ሁሉ ያደፈጠውን ፈንገስ ይቀሰቅሰዋል፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ደግሞ ያበረቱታል። የመብሰያ ክፍሉ በሽታውን አልፈጠረውም፤ በሽታው ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት አያገኝም።

ስለዚህ የትኛውም መከላከያ ከዚህ ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። ነጥቡ ከወጣ በኋላ የሚቀባ ዘይት፣ ቢያንስ ለዚያ ሙዝ፣ የረፈደበት ነው።

ጨንቻ ላይ ሌላ ጉዳይ ነው

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ተራራውን ሲወጡ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጨንቻ ትገኛለች። ሚሲዮናውያን ያስገቡት አፕል ዛሬ የጨንቻ መለያ ሆኗል። እዚያ የአፕል ዋነኛ የመጋዘን ጠላት ፔኒሲሊየም የተባለው ሰማያዊ ሻጋታ ነው፤ ይህኛው እንደ ቆላው ሌባችን አያደፍጥም። የሚገባው በቁስል ነው። ከዛፍ የወደቀ፣ ጥፍር ያረፈበት፣ በሣጥን ጠርዝ የተፋቀ አፕል በር ይከፍትለታል። ፓቱሊን የተባለ መርዝም ስለሚያመነጭ የበሰበሰውን ቆርጦ የቀረውን ለጭማቂ ማዋል ጥሩ ልማድ አይደለም።

በአንድ ዞን ውስጥ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ ማለት ነው። ለጨንቻ አፕል ከማንኛውም ውህድ የሚበልጠው መድኃኒት በጥንቃቄ መልቀምና ንጹሕ ሣጥን ነው። «ፍሬን ከብስባሴ የሚያድን» ተብሎ በደፈናው የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥመኝ የምጠራጠረው ለዚህ ነው፤ የትኛውን ፍሬ፣ ከየትኛው ፈንገስ?

ቅጥር ዘበኛ

ወደ ቆላው እንመለስ። የፍሬው ዘበኛ መድከሙ ካልቀረ ሌላ መቅጠር ይቻላል። በዓለም ንግድ ለብዙ ዓመታት የተቀጠሩት ታያቤንዳዞልና ኢማዛሊልን የመሳሰሉ የፋብሪካ ፀረ ፈንገሶች ናቸው። ይሠራሉ፣ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ፈንገሶች አንዳንዶቹን ለምደዋል፤ ልጣጭ ላይ የሚቀረው ቅሪትም ጥያቄ አስነሥቷል። በማንጎ ላይ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ፕሮክሎራዝ በ2021 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቷል። ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ቅመማ ቅመም የመለሱት በእንዲህ ዓይነት ስጋቶች የተነሣ ነው።

ወደ ቅመም የዞሩት በግምት አይደለም። ተክሎች እግር የላቸውም፤ ከሚበላቸው ነገር መሸሽ ስለማይችሉ ጠረናቸውን መሣሪያ ያደረጉ ብዙ ናቸው። የጦስኝ ሽታ ከታይሞልና ከካርቫክሮል፣ የጠጅ ሳር ከሲትራል፣ የቀረፋ ከሲናማልዴይድ፣ የቅርንፉድ ከዩጂኖል ይመጣል። አምስቱም ላቦራቶሪ ውስጥ ፈንገስን እንደሚገቱ ተደጋግሞ ታይቷል። አሠራራቸውም ይመሳሰላል። ዘይት ነክ በመሆናቸው የፈንገሱን ሕዋስ የሚሸፍነው ስስ የስብ ሽፋን ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፤ ሽፋኑ ይላላል፣ የሕዋሱ ውስጥ ወደ ውጭ ያፈሳል። የእናቶቻችን ንጥር ቅቤ ጦስኝ፣ ኮሰረትና የጋሞና የጎፋ አገር የሚያውቀው ኮረሪማ ሲገባበት መዓዛው ብቻ አይደለም የሚለወጠው።

ችግሩ እነዚህ ዘይቶች በቀላሉ መትነናቸው ነው። ዛሬ የተቀባ ነገ የለም። እዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር ያስፈልጋል፤ ዘይቱን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ስስ ሽፋን። ከተሞከሩት አንዱ ከግራር ዛፍ የሚለቀመውና በቦረናና በደቡብ ኦሞ ቆላዎችም የሚገኘው የዓረብ ሙጫ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 10 በመቶ የዓረብ ሙጫና 0.4 በመቶ የቀረፋ ዘይት ያለበት ውሃ ውስጥ ሙዝና ፓፓያ ነክረው፣ አንትራክኖስ በእጅጉ ቀንሶ አገኙት። ሽፋኑ ሌላም ጥቅም አለው። የፍሬውን ትንፋሽ ስለሚያዘገየው መብሰሉም ይዘገያል። ቅጥሩ ዘበኛ ከውጭ ሲቆም የውስጡ ዘበኛም ነቅቶ ይቆያል።

በአገራችንም ተሞክሯል። በ2014 እ.ኤ.አ. የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዕፅዋት የተገኙ ጭማቂዎችን በሙዝ አንትራክኖስ ላይ ፈትነዋል። ከተፈተኑት መካከል የአፋርን ግጦሽ የወረረው ፕሮሶፒስ፣ ማለትም የወያኔ ዛፍ፣ ይገኝበታል። መንግሥት ለማጥፋት የሚታገለው አረም ሙዝ ጠባቂ ሊሆን መታጨቱ አስገራሚ ነው። ጥናቱ ጭማቂውን ከሙቅ ውሃ ጋር አጣምሮ ማየቱም ትክክለኛ መንገድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራለሁ።

ሳህን ላይ የሠራ ሁሉ ሙዝ ላይ አይሠራም

የዚህ መስክ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። አብዛኛው ጥናት የሚጀምረው ክብ የመስታወት ሳህን ላይ ነው። ሳህኑ ላይ ለፈንገሱ ምግብ ይደረግለታል፤ ዘይቱ ይጨመራል፤ ፈንገሱ ካላደገ «ይሠራል» ይባላል። ሳህን ግን ልጣጭ የለውም። ሙዙ ላይ ፈንገሱ ገና ድሮ ልጣጩን ቆንጥጦ ይዟል፤ ጥቁሩ እብጠት ወፍራም ነው፤ ዘይቱም ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ አንዱ ሙዝ ብዙ፣ ሌላው ምንም ሳይደርሰው ይወጣል። መጠኑ ሲጨመር ደግሞ የሙዙ ልጣጭ ራሱ ይቃጠላል፣ ይጠቁራል። የፈንገስን ሕዋስ የሚያላላ ዘይት የሙዝንም ሕዋስ አይምርም። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዋስትና አይሆንም፤ ከላይ የጠቀስነው ፓቱሊንም የተፈጥሮ ነው።

ሒሳቡንም እንሥራው። ዘለላዎቹን የሚያጠልቁበት 500 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለ እንበል። በማሌዥያው መጠን 50 ኪሎ ግራም የዓረብ ሙጫና 2 ሊትር ዘይት ይፈልጋል። ቀረፋ ከውጭ ስለሚመጣ በጠጅ ሳር እንተካው ብንል፣ ከትኩስ ጠጅ ሳር የሚወጣው ዘይት ከክብደቱ 0.3 በመቶ ገደማ ነው፤ 2 ሊትር ለማግኘት 600 ኪሎ ግራም ያህል ቅጠል መነጠር ይኖርበታል። እርግጥ የጠጅ ሳር ዘይት በአነስተኛ መጠንም ፈንገስ ይገታል፤ ይህ ወጪውን ይቀንሰዋል። መዓዛ ያላቸውን ዕፅዋት ሲያጠና የኖረው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም የጠጅ ሳርን አመራረትና ዘይት አወጣጥ ያውቀዋል። 50 ኪሎ ሙጫ ግን በርካሽ ለሚሸጥ ሙዝ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ሰም የተቀባ የሚያብረቀርቅ የአውሮፓ ገበያ ፍሬ አይደለም የምናወራው፤ በኪሎ የሚመዘን፣ ሠራተኛ ምሳው ላይ የሚጨምረው ሙዝ ነው።

የሙዝ ሽታም ይታሰብ። ጦስኝ ጦስኝ የሚል ሙዝ ማን ይገዛል?

ሙቅ ውሃና ንጹሕ ማሳ

ታዲያ ሁሉም ከንቱ ነው? አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው። ሌባው የሚያድረው ልጣጩ ላይ፣ ከላይኛው ስስ ክፍል ነው። ሙቅ ውሃ እዚያ ይደርስበታል። ማንጎን ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ያህል መንከር አንትራክኖስን ለመቀነስ በብዙ አገሮች የታወቀ አሠራር ነው። ሙቀቱ ፈንገሱን ያዳክማል፤ ፍሬውን ግን እስከ ውስጡ አይቀቅለውም። ጥቂት ዲግሪ ቢያልፍ ልጣጩ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፣ ጣት አይበቃም። በሙቀት የተዳከመ ፈንገስ ከዚያ በኋላ በትንሽ ዘይት ወይም በቀላል የዕፅዋት ጭማቂ ይገታል። የሐረማያው ጥምረት ትክክል ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ውድ የሆነውን ነገር በጥቂቱ ለመጠቀም ያስችላል።

ከሙቅ ውሃም የሚቀድም አለ። ከጨንቻ ደጋ ወርዶ ጫኖን በሚያጠጣው የሐሬ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ማሳዎች ውስጥ የደረቀ የሙዝ ቅጠል እግር ሥር ይከመራል፤ ግንዱ ላይ የደረቀውም እንደተንጠለጠለ ይቆያል። ያ ቅጠል የስፖር ጎተራ ነው። ቆርጦ ከማሳው ማራቅ፣ በፍሬው ጫፍ የቀሩትን ደረቅ አበቦች መንቀል፣ ለመኪናው መደልደያ ያንኑ ደረቅ ቅጠል አለመጠቀም ምንም ኬሚስትሪ አይጠይቅም። አጥር የሚዘልሉት ሌቦች ቁጥር ሲቀንስ ዘበኛው ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ጥላ ያስፈልጋል። ሙዝ 13 ወይም 14 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ሳይበስል ብዙ ቀን ይኖራል፤ ከ12 በታች ልጣጩ ይጠቁራል። የአርባ ምንጭ የቀን ሙቀት ከዚህ በእጥፍ ስለሚበልጥ ሌሊት መጫንና ዘለላውን ፀሐይ ላይ አለማሳደር እንኳ ዘበኛውን አንድ ሁለት ቀን ያቆየዋል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለአርባ ምንጭ ሙዝ ማሳ ማጽዳትና ሙቅ ውሃ ይቅደሙ፤ የጠጅ ሳር ዘይት ይከተል፤ የሙጫው ሽፋን ዋጋው ከፍ ላለ ማንጎና አቮካዶ ይቆይ።

ፍርዱን ግን በጽሑፍ ብቻ መተው አይገባም። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ኩልፎ ካምፓሱ ላይ የግብርና ትምህርት ይሰጣል፤ ከተማው ውስጥ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። ከሙዙ ማሳ እስከ እነሱ ያለው መንገድ አጭር ነው። አንድ ቀን ከአንድ ማሳ የተቆረጠ ሙዝ በአራት ይከፈል፤ አንዱ እንዲሁ ይተው፣ አንዱ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ አንዱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከር፣ አንዱ ከሙቅ ውሃው በኋላ የጠጅ ሳር ዘይት ያግኝ። አራቱም በአንድ አይሱዙ ተጭነው አዲስ አበባ ይግቡ፣ በአንድ የላምባ ክፍል ይብሰሉ፣ ቢጫ ከሆኑ በኋላ ነጥባቸው ይቆጠር። ሙከራው መኪናው ላይና መብሰያ ክፍሉ ውስጥ ካልተደረገ፣ ሳህን ላይ የተገኘው ውጤት ለጫኖው ገበሬም ለአዲስ አበባው ነጋዴም አይጠቅምም። ይህን መጽሐፍ የሚያነብ የአርባ ምንጭ ተማሪ ካለ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ይህ ቢሆን እመኛለሁ።